የስኳር ሕመም የሌለባት ነፍሰ ጡር የደም ስኳር ውጤት እንዴት ይነበብ? (ጅማና ዙሪያዋ)

አዋላጅ_ኮቺ

ሰላም ለሁላችሁ። የእርግዝና ክትትል ካርዶች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ላንሳና እንነጋገርበት።

በ26ኛው ሳምንት የባዶ ሆድ ስኳር 97 ይመጣል። የላብራቶሪው ወረቀት ጎን ላይ “70–110” ተብሎ ታትሟል። ምልክት የተደረገበት ነገር ስለሌለ “ኖርማል ነው፣ ሂጂ” ተብላ ትሸኛለች። ያ 70–110 እርጉዝ ላልሆነ ሰው የወጣ ነው። በእርግዝና በባዶ ሆድ 92 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የእርግዝና ስኳር ይባላል። 97 ድንበሩን አልፏል፤ እናትየዋ ግን አላወቀችም፣ ካርዱም አልመዘገበውም።

ተቃራኒውም አለ። 64 የመጣላት ጤነኛ ነፍሰ ጡር “ስኳርሽ ወርዷል” ተብላ ለስላሳ ጠጪ ትባላለች። 64 በእርግዝና የተለመደ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ተብራርቶ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የስኳር ሕመም የሌለባት ነፍሰ ጡር ትክክለኛ ቁጥሮች ምንድን ናቸው? ሁለተኛ፣ ናሙናው እዚህ ባለው ሁኔታ እንዴት ይያዝ? ሦስተኛ፣ ሽንት፣ ግሉኮሜትር (የጣት ደም የሚለካው ትንሹ መሣሪያ)ና ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ (ያለፉትን ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) የቱ ጋ ይጠቅማሉ፣ የቱ ጋ ያሳስታሉ? የላብራቶሪ ሰዎች እባካችሁ አትለፉን።

---

ዶክተር_ጅሬን

ሲስተር ትክክለኛውን ቦታ ነው የነኩት። ከቁጥሩ በፊት ምክንያቱን ላስቀድም፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው ቁጥሩ አይጠፋበትም።

በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት የባዶ ሆድ ስኳር ይወርዳል። የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ጽንሱም ያለማቋረጥ ከእናቱ ስኳር ይወስዳል። ከአጋማሹ በኋላ ደግሞ እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ጉልበት ያዳክማሉ። ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ቆሽት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ኢንሱሊን በማመንጨት ያካክሳል። ማካካስ የቻለች እናት ስኳሯ ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ያልቻለችው ስኳሯ ይጨምራል። ከዚህ በፊት ምንም የስኳር ታሪክ የሌላት ሴት ላይ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክብደታቸው መካከለኛ የሆነ ጤነኛ እናቶች በእርግዝናው መገባደጃ ላይ ሲለኩ አማካያቸው እንዲህ ነው፦ በባዶ ሆድ 71፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ 109፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 99። በባዶ ሆዱ ላይ ወደላይም ወደታችም 8 ያህል መዋዠቅ የተለመደ ስለሆነ ሲስተር ያነሱት 64 ከመደበኛው አልወጣም።

መለያው ደግሞ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ የሚሠራው ምርመራ ነው። በባዶ ሆድ 92፣ በ1ኛው ሰዓት 180፣ በ2ኛው ሰዓት 153። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከነካ ወይም ካለፈ የእርግዝና ስኳር ነው፤ ሁለተኛውን መጠበቅ የለም። በባዶ ሆድ 126 ወይም በ2ኛው ሰዓት 200 ከደረሰ ግን በእርግዝና የተገኘ ግልጽ የስኳር ሕመም ነውና በዚያው ቀን ወደ ከፍተኛ ሕክምና ትሂድ። በሚሊሞል የሚጽፍ ማሽን ካጋጠማችሁ በ18 አባዙት፤ 5.1 ማለት 92፣ 10.0 ማለት 180፣ 8.5 ማለት 153 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ? ሃፖ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ፤ በ9 አገሮች ያሉ 15 ማዕከላትን ያቀፈ ሲሆን ወደ 23 ሺህ እናቶች የተተነተኑበት ነው። ያገኘው ትልቅ ነገር ቁርጥ ያለ ድንበር አለመኖሩን ነው፤ የእናት ስኳር ትንሽ በጨመረ ቁጥር የትልቅ ልጅ፣ የቀዶ ሕክምናና የሕፃኑ ስኳር ከወሊድ በኋላ የመውረድ ዕድል አብሮ ይጨምራል። ባለሙያዎች ዕድሉ ከአማካዩ 1.75 እጥፍ የሚሆንበትን ቦታ መርጠው መስመር አሰመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ተቀበለው። ስለዚህ 91 ነጻ ናት፣ 92 ታማለች ብሎ በሁለት ዓለም መክፈል ትክክል አይደለም። ከማዕከላቱ አንዱም አፍሪካ ውስጥ አልነበረም፤ ይህም ልብ ይባልልኝ።

---

ጤና_መኮንን_ሰቃ

ዶክተር፣ አንዳንድ መጽሐፍ 92 ይላል፣ ሌላው 95፣ ሌላው 100። እኛ ጋ ሠራተኛው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የቱን ይያዝ?

---

ዶክተር_ጅሬን

ሦስቱም የተለያየ ሥራ አላቸው።

92 መለያ ነው፤ ከ75 ግራሙ ምርመራ ጋር ይሄዳል። 95 በሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው የ100 ግራም የ3 ሰዓት ምርመራ ሲሆን በሱ 95፣ 180፣ 155፣ 140 ናቸው፤ ለመለየትም ሁለቱ ማለፍ አለባቸው። ሁለተኛው፣ ይበልጥ የሚያደናግረው፣ የሕክምና ግብ ነው፦ የእርግዝና ስኳር እንዳለባት የታወቀች እናት በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ በ2 ሰዓት ከ120 በታች እንድትሆን እንፈልጋለን። መለያና ግብ አንድ አይደሉም። 100 አካባቢ የምታዩት ደግሞ የእንግሊዞች መመሪያ ነው፤ 5.6 ሚሊሞል። እነሱ 2ኛውን ሰዓት ዝቅ አድርገው 7.8፣ ማለትም 140 ላይ ይይዙታል።

አንድ ጤና ተቋም አንዱን መርጦ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ከአንዱ የባዶ ሆዱን፣ ከሌላው የ2ኛውን ሰዓት መቀላቀል ግን ስህተት ነው፤ ቁጥሮቹ የተሰሉት አብረው ነው።

---

ላብ_ሂርማታ

የላብራቶሪውን ድርሻ እኔ ልውሰድ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ፤ ከፍተኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው።

ደም ከተቀዳ በኋላ ሕዋሳቱ ቲዩቡ ውስጥ ሆነውም ስኳር መጠቀማቸውን አያቆሙም። ፕላዝማው (ፈሳሹ ክፍል) ከሕዋሳቱ ሳይለይ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ደም በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ስኳሩን ያጣል። ሒሳቡን ተመልከቱት፦ እውነተኛው 96 የሆነ ናሙና 1 ሰዓት ቢቀመጥ ወደ 90 ይወርዳል፣ 2 ሰዓት ቢቀመጥ 85 ገደማ ይሆናል። መስመሩ 92 ነው። የእርግዝና ስኳር ያለባት እናት ጤነኛ ተብላ ወጣች ማለት ነው፤ ማሽኑ ምንም ሳይሳሳት።

በ75 ግራሙ ምርመራ ላይ የሚሠራ የተለመደ ስህተት አለ። ሦስቱ ቲዩቦች ተጠራቅመው የመጨረሻው ከተቀዳ በኋላ በአንድ ላይ ሴንትሪፊዩጅ (ደሙን አሽከርክሮ ፕላዝማውን የሚለየው ማሽን) ይገባሉ። ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የባዶ ሆዱ ቲዩብ ከ2 ሰዓት በላይ ቆይቷል። ከሦስቱ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ከሦስቱ መስመሩ ቀጭን የሆነውም እሱ ነው። እያንዳንዱ ቲዩብ በተቀዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለየብቻው ይሽከርከርና ፕላዝማው ይለይ። ካልተቻለ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ሳህን ውስጥ ቆሞ ይጠብቅ። በረዶ ብቻ አይበቃም፤ ውሃው ነው ቲዩቡን ዙሪያውን የሚያቀዘቅዘው።

መብራት ሊጠፋ ይችላል ተብሎ የሚታሰብበት ቀን ደግሞ መጀመሪያ ይጠየቅ። ሴንትሪፊዩጁ በማይሠራበት ሰዓት 75 ግራም አስጠጥቶ ደም ማጠራቀም እናትየዋን በከንቱ ማንገላታት ነው።

---

ጤና_መኮንን_ሰቃ

ግራጫ ክዳን ያለው ቲዩብ ካለ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም አይደል? ፍሎራይድ አለበትኮ።

---

ላብ_ሂርማታ

ያስፈልጋል። ፍሎራይዱ የሚያግደው ኢኖሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም ነው፤ እሱ ያለው ስኳር በሚፈርስበት ሰንሰለት መጨረሻ አካባቢ ነው። ከሱ በፊት ያሉት እርምጃዎች ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሰዓት ግራጫ ክዳን ያለውም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው የሚረጋው። ግራጫው ቲዩብ የወረደውን አይመልስም፤ ከዚያ በታች እንዳይሄድ ያደርጋል እንጂ። ከሰቃ ወይም ከደዶ ወደ ከተማ የሚላክ ናሙና ግራጫ ስለሆነ ብቻ አይታመንም፤ እዚያው ተለይቶ ፕላዝማው ብቻ ይላክ።

ቀይ ክዳን ያለውን ደሙ እስኪረጋ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ማስቀመጥ ስለሚያስፈልግ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ሲትሬት ያለበት ቲዩብ ወዲያውኑ ያቆመዋል፤ የሚያገኝ ካለ እሱን ይጠቀም። ያኔ ቁጥሮቹ ከለመዳችሁት ትንሽ ከፍ ብለው ይመጣሉ፣ መስመሩን የሚያልፉ እናቶችም ይጨምራሉ።

የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ እነዚህ እንዲጻፉልን እንለምናለን፦ ስንተኛ ሳምንት፣ መጨረሻ የበላችበት ሰዓት፣ የተቀዳበት ሰዓት። የተለየበትን እኛ እንጨምራለን። “ኤፍ ቢ ኤስ” (የባዶ ሆድ ስኳር) ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ነፍሰ ጡር መሆኗን እንኳ አናውቅም፤ ማሽኑም 70–110ን ያትማል።

---

ፋርማሲ_መርካቶ

ስለ ግሉኮሱ ዱቄት። 75 ግራም የሚባለው ውሃ የሌለበት ግሉኮስ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ግን ሞኖሃይድሬት ነው፤ ክሪስታሉ ውስጥ ውሃ አለው። ሞኖሃይድሬት ከሆነ 82.5 ግራም ይመዘናል። 75 ግራም ሞኖሃይድሬት የሰጠ ሰው 68 ግራም ያህል ብቻ ነው ያጠጣው፤ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ማሸጊያውን ያንብቡ፣ በሚዛን ይለኩ፤ በማንኪያ አይገመት። ቫይታሚን ወይም ጣዕም የተጨመረበትን የኃይል ዱቄት አትውሰዱ። የሻይ ስኳርም አይተካውም፤ ግማሹ ፍሩክቶስ ነውና። ማርም እንደዚያው፤ የጅማ ማር ምንም ቢጣፍጥ መመርመሪያ አይሆንም።

ከ250 እስከ 300 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ በ5 ደቂቃ ይጠጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው መጠጣት ከጀመረችበት ነው፤ ከጨረሰችበት አይደለም።

---

ሥነ_ምግብ_ጅማ

ዝግጅቱን ልጨምር።

ቀጠሮ የተያዘላት እናት ፈርታ ለሦስት ቀን እንጀራ ታቆማለች። ይህ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ስታርች ያጣ ሰውነት በድንገት 75 ግራም ሲመጣበት ቶሎ ማስተናገድ አይችልም። ከምርመራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንደወትሮዋ ትብላ፤ በቀን ቢያንስ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት። በእኛ ምግብ ይህ ከባድ አይደለም፤ እንጀራው፣ ቆጮው፣ ቂጣው በቀላሉ ይሞላዋል።

ሌሊቱን ከ8 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ14 ሰዓት ያልበለጠ ትጹም። ማታ 3 ሰዓት ራት በልታ ጠዋት 2 ሰዓት ብትቀዳ 11 ሰዓት ይሆናል፤ ጥሩ ነው። ውሃ ይፈቀዳል። ቡና አይፈቀድም፣ ስኳር የሌለበትም ቢሆን፤ ካፌይኑ በራሱ ስኳርን ያውካል። በጅማ ጠዋት ቡና ሳይቀመስ ከቤት መውጣት ነውር እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት በግልጽ ይነገራት፣ ባለቤቷና አማቷም ይስሙ።

ጫት ላይ አፍ ከፍቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጫት በእርግዝና የማይመከር መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ለምርመራው ሁለት ችግር አለው። አነቃቂ ነው፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ሌላው ግን ከሱ ጋር የሚጠጣው ነው፦ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ። “ራት አልበላሁም” ያለችው እናት እውነቷን ነው፤ ነገር ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ጣፋጭ ጠጥታለች። ጥያቄው “መጨረሻ የበላሽው መቼ ነው?” ሳይሆን “ከውሃ ሌላ መጨረሻ አፍሽ የገባው ምንድን ነው? ስንት ሰዓት?” ይሁን።

ከጠጣች በኋላ ሁለቱን ሰዓት ተቀምጣ ትጠብቅ። መርካቶ ደርሳ ትመለስ ማለት አይሆንም፤ የእግር ጉዞ ስኳሩን ያወርደዋል። ከጠጣች በኋላ ካስመለሳት ምርመራው ተበላሽቷል፤ የቀረውን አትቅዱ፣ ሌላ ቀን ይቀጠር። ማቅለሽለሽ ለሚያስቸግራት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማሟሟትና ትንሽ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይረዳል።

---

ኡሙ_ሶፊያ

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳን ላይ ቀጠሮ የደረሰባት ምን ታድርግ? ጾመኛ ስለሆነች ባዶ ሆድ ነች ይላሉ ጠዋት የሚቀዱት።

---

ሥነ_ምግብ_ጅማ

ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ። ትልቅ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። ሱሑር ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ወይም 11 ሰዓት አካባቢ የበላች ሴት ጠዋት 2 ሰዓት ስትቀዳ ያለፋት 3 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ የባዶ ሆድ ስኳር አይባልም። በዚያ ሰዓት 96 ቢመጣ ለብቻው ምንም አይነግረንም።

75 ግራሙ ደግሞ ጾሙን ያስፈታል። ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ስትሰጋ እንድታፈጥርና በኋላ እንድትከፍል የተፈቀደ ስለሆነ ያንን ቀን መተው ትችላለች፤ ከኢማሟ ጋር ትመካከር። ሳምንቷ ከፈቀደ የተሻለው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ወይም ከዒድ በኋላ መያዝ ነው፤ መስኮቱ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ስለሆነ አዋላጇ ቀድማ ቀኑን ብታሰላ ይገኛል። ወደ ማታ፣ ከመግሪብ በፊት መቅዳት ግን አልመክርም። ቀኑን ሙሉ የተራበች ነፍሰ ጡር ስኳሯ ይወርዳል፣ ኪቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር ነገር) ይወጣል፤ ቁጥሩ ከመመሪያው ጋር አይነጻጸርም።

---

አዋላጅ_ኮቺ

ስለ ቀኑ የተባለው ወሳኝ ነው። በ8 ጊዜ የክትትል አሠራር ሦስተኛው ቀጠሮ 26ኛው ሳምንት ላይ ይውላል፤ ልክ መስኮቱ መሃል። በ20ኛው ሳምንት ስትመጣ “በሚቀጥለው ሳትበዪ ነይ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ትቆያለሽ” ተብሎ ካልተነገራት ቁርስ በልታ ትመጣለች፣ ዕድሉም ያልፋል።

አሁን ወደ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ። ጾም አያስፈልገውም፣ አንድ ጊዜ ተቀድቶ ያበቃል እየተባለ በግል ክሊኒኮች በብዛት ይታዘዛል። ዶክተር?

---

ዶክተር_ጅሬን

በአንድ ቦታ ይጠቅማል፣ በሌላው ያሳስታል።

የሚጠቅመው በመጀመሪያው ክትትል ነው። 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከእርግዝናው በፊት የነበረ የስኳር ሕመም እንዳለ ያመለክታል። ይህ ቶሎ ቢታወቅ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

የሚያሳስተው በ26ኛው ሳምንት የ75 ግራሙን ቦታ ሲይዝ ነው። ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚለካው በቀይ ደም ሕዋስ ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። በእርግዝና አዳዲስ ሕዋሳት በብዛት ይመረታሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል፤ ስኳር የሚለጠፍበት ጊዜ ያንሳል። ጤነኛ ነፍሰ ጡር ላይ ቁጥሩ እርጉዝ ካልሆነችው ዝቅ ይላል። 5.3 የመጣላት እናት በ75 ግራሙ ብትፈተን መስመሩን ልታልፍ ትችላለች።

በዚህ ላይ የአገራችን ሁለት ችግሮች ይጨመራሉ። የብረት እጥረት ያለባት ስኳሯ ሳይጨምር ኤች ቢ ኤ ዋን ሲው ይጨምራል፤ አይረን ስትጀምር ደግሞ ይወርዳል። ወባ በቅርቡ የያዛት፣ ሕዋሳቷ ስለፈረሱ፣ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ጊቤ ዙሪያ ላለች እናት ይህ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ደም የተሰጣትማ የሰው ደም ነው የሚነበበው። ስለዚህ ከሄሞግሎቢኗ ጋር ጎን ለጎን ሳይታይ አይተርጎም።

ፍሩክቶሳሚንና ግላይኬትድ አልቡሚን የሚባሉት የደም ምርመራዎች የ2 እና 3 ሳምንት የስኳር ታሪክ ያሳያሉ። በእርግዝና አልቡሚን ስለሚቀንስ ፍሩክቶሳሚኑ አብሮ ይወርዳል፤ ለእርግዝና የተስማማ መስመርም የላቸውም። ለዚህ ጥያቄ ገንዘብ አታውጡባቸው።

---

ጤና_መኮንን_ሰቃ

ሽንት ላይ ስኳር ከታየስ? እኛ ጋ ያለው ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለም የሚቀይር መመርመሪያ) እሱ ነው።

---

ላብ_ሂርማታ

በእርግዝና ኩላሊት የሚያጣራው ደም ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የተጣራውን ስኳር ሁሉ መልሶ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ የደም ስኳሯ ፍጹም ጤነኛ የሆነች እናት ሽንቷ ላይ ስኳር ሊታይ ይችላል። የእርግዝና ስኳር ያለባት ደግሞ ጠዋት ሽንቷ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስትሪፑ ከቀየረ ወደ ደም ምርመራ ይወስደናል፤ ካልቀየረ ግን ነጻ አያደርጋትም።

---

ፋርማሲ_መርካቶ

ግሉኮሜትር ላይ የምለው አለኝ፤ ብዙ ሰው ገዝቶ ስለሚሄድ።

ዓለም አቀፉ ደረጃ ከ100 በታች ለሆነ ስኳር 15 ወደላይ፣ 15 ወደታች መሳሳትን ይፈቅዳል። እውነተኛው 90 የሆነ ሰው 75ም 105ም ሊያነብ ይችላል፤ መሣሪያውም ደረጃውን አሟልቷል ይባላል። በዚህ መሣሪያ 92ን መፍረድ አይቻልም። ደም ማነስ ያለባት ላይ ብዙዎቹ ስትሪፖች ከፍ አድርገው ያነባሉ። ግሉኮስ ከጠጣች በኋላ ደግሞ የጣት ደም ከደም ሥሩ ደም ከፍ ይላል።

አያያዙም አለ። የጅማ አየር እርጥበት አለው፤ የስትሪፑ ጠርሙስ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ካደረ ስትሪፑ ተበላሽቷል። ሙዝ ወይም ማንጎ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ 90ው 150 ሊሆን ይችላል። በውሃና ሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ትጠረግ፣ ሁለተኛዋ ትለካ።

---

ጤና_መኮንን_ሰቃ

በዚህ አልስማማም። ወይም ግማሹን ብቻ። ጤና ጣቢያ ላይ ላብራቶሪው የደም ኬሚስትሪ ማሽን የለውም። “ግሉኮሜትር አይሆንም” ብለን ከተውነው እናትየዋ ጨርሶ አትመረመርም። የዓለም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ ፊጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አቅም ባነሰበት ቦታ በፕላዝማ የተስተካከለ ግሉኮሜትር ይቀበላል። ከምንም ይሻላል፣ ደምቡን ካወቅንለት።

---

ዶክተር_ጅሬን

ትክክል ነዎት፤ ደምቡን እንጻፈው እንግዲህ። ጤና ጣቢያ ላይ በባዶ ሆድ በግሉኮሜትር፣ እጅ ታጥቦ፣ በመቆጣጠሪያ ፈሳሽ በተፈተሸ መሣሪያ ይለካ። 126 እና በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ትላክ። ከ85 እስከ 125 መካከል ያለችው ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተልካ ከደም ሥር 75 ግራሙ ይሠራላት። ከዚያ በታች የሆነችው በክትትሏ ትቀጥል፤ ከዚህ በፊት 4 ኪሎና በላይ የወለደች፣ ሞቶ የተወለደባት፣ ወላጅ ወይም እህት ወንድም ባለ ስኳር የሆነባት ከሆነች ግን ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ትላክ። 85 የኔ ምርጫ ነው፣ የመሣሪያውን ስህተት ለመሸፈን፤ የመመሪያ ቁጥር አይደለም።

የባዶ ሆዱ ብቻውን ምን ያህል ይይዛል ለሚል፦ በሃፖ መረጃ ከ100 እናቶች 8.3ቱን የባዶ ሆዱ ለየ፣ የ1ኛው ሰዓት ሌላ 5.7 ጨመረ፣ የ2ኛው ሰዓት 2.1። ወደ ግማሽ ያህሉን ይይዛል ማለት ነው፤ ይህም ከአገር አገር በጣም ይለያያል። የ1ኛውን ሰዓት ቲዩብ ለመቆጠብ ብሎ መዝለል በጣም ውድ ቁጠባ ነው።

በአደጋ ምልክት ብቻ መርጦ መመርመርንም አልመክርም። ቀጭን፣ ወጣት፣ የመጀመሪያ እርግዝና የሆኑ ብዙዎች ያመልጣሉ።

---

አዋላጅ_ኮቺ

በ9ኛው ሳምንት 94 የመጣላትስ? የመጀመሪያ ክትትል ላይ ስለሚቀዳ ይገጥማል።

---

ዶክተር_ጅሬን

የባዶ ሆድ ስኳር እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ እየወረደ የሚሄድ ነገር ነው። በመጀመሪያ ሳምንታት ከ92 እስከ 100 ካላቸው ብዙዎቹ ያለምንም ሕክምና ከመስመሩ በታች ይወርዳሉ። የምግብ ምክር ይሰጣት፣ ካርዷ ላይ በትልቁ ይጻፍ፣ በ24ኛው ሳምንት 75 ግራሙ ሳይዘለል ይሠራ። ከ110 በላይ ከሆነ ግን እስከዚያ አልጠብቅም።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ለጽንሱ ሳንባ ዴክሳሜታዞን የተወጋች እናት ስኳሯ ለቀናት ከፍ ይላል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳያልፍ 75 ግራሙን አትስጡ። ትኩሳት ላይ ያለችም ትዳን መጀመሪያ። ለወባ ኩዊኒን የሚባለውን መድኃኒት የምትወስድ ደግሞ ስኳሯ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል እሷን የምንለካት ለመለየት ሳይሆን ለደኅንነቷ ነው።

---

ኡሙ_ሶፊያ

የእርግዝና ስኳር አለሽ የተባለች ከወለደች በኋላ አበቃ ማለት ነው? ጎረቤቶቿ ልጁ ወጣ፣ ስኳሩም ወጣ ይሏታል።

---

አዋላጅ_ኮቺ

እህቴ፣ እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኖቹ ስለሚቆሙ ስኳሩ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ ጎረቤቶቿ ይህን አይተው ነው። ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራሙ እንደገና ይሠራላት፤ ያኔ መስመሩ እርጉዝ ላልሆነ ሰው የወጣው ነው፣ በባዶ ሆድ 126፣ በ2ኛው ሰዓት 200። በዚያ ሰሞን ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ አይተካውም፤ በወሊድ ደም ፈሷታል፣ አይረን ትወስዳለች። የልጁ የ45 ቀን ክትባት 6ኛው ሳምንት ላይ ስለሚውል በዚያው ጠዋት ሳትበላ ብትመጣ አንድ መንገድ ይበቃታል። ጡት እያጠባች መመርመር ትችላለች። መጀመሪያ ልጁን አጥብታ ትግባ፣ ሁለቱን ሰዓት ስትጠብቅም ቢርበው ታጥባው።

---

ላብ_ሂርማታ

የማሽኑን የማጣቀሻ ቁጥር መቀየር የምትፈልጉ ላብራቶሪዎች፦ በአብዛኞቹ ማሽኖች “ነፍሰ ጡር” የሚል ለብቻው የምርመራ ስም መክፈት ይቻላል። ያ ካልተቻለ ማኅተም ይቀረጽና ውጤቱ ሥር ይመታ፦ “ለነፍሰ ጡር፦ በባዶ ሆድ ከ92 በታች፤ 1ኛ ሰዓት ከ180 በታች፤ 2ኛ ሰዓት ከ153 በታች”። ከማተሚያ ቤት በአንድ ቀን ይደርሳል።